አልጋ አለ?

በአማርኛ የሆቴል ክፍል አንጠይቅም፤ የምንጠይቀው አልጋ ነው። መንገደኛ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ከባንኮኒው ፊት ሲቆም «አልጋ አለ?» ይላል። ያገኘ ሰው «አልጋ ያዝኩ» ይላል፤ ያላገኘም «አልጋ ጠፋ» ብሎ ወደሚቀጥለው በር ይሄዳል። ይኸው ቃል በሌላ ፊቱ ዙፋን ነው። አልጋ ወራሽ እንላለን፤ አልጋው ጸና፣ ከአልጋው ወረደ እንላለን። በአዲስ አበባ የመጀመሪያውን ሆቴል ያቋቋሙት እቴጌ ጣይቱ ብጡል ሁለቱንም አልጋ የሚያውቁ ሴት ነበሩና፣ በዚያች ከተማ ለጥቂት ቀን ማረፊያ በፈለግሁ ቁጥር ይህ የቃል መንታነት ትዝ ይለኛል።

እኔ ነዋሪነቴ ደሴ ነው። በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ አዲስ አበባ እወርዳለሁ፤ ቀን ወመዘክር ገብቼ አሮጌ ጋዜጦች አገላብጣለሁ፣ ማታ ማታ የገለበጥሁትን እጽፋለሁ። ለሦስት ሌሊት የምሻው ብዙ አይደለም፤ ጠረጴዛ፣ የሚከፈት መስኮት፣ ሲመሽ በእግር ወጣ ብሎ የሚመለሱበት ሰፈር፣ ከሁሉ በላይ ጸጥታ። ይህን ማግኘት ግን ከሚመስለው ይከብዳል። አዲሶቹ ሕንፃዎች መስተዋታቸው ያምራል፤ ከጎናቸው ግን ጭፈራ ቤት፣ ከጀርባቸው ጄኔሬተር አለ። በየመንገዱ «ፔንሲዮን» የሚል ማስታወቂያ ከሰቀሉት ቤቶች መካከል ደግሞ እንግዳው ከሦስት ሰዓት በላይ ይቆያል ብለው የማይጠብቁ አሉ፤ በዚያ ስለ ጸጥታ መጠየቅ ራሱ ያስቃል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን አክስቴን ማስረዳት ነው። ቤቷ ጉለሌ ነው። «ዘመድ እያለህ አልጋ ይዘህ ልታድር? ሰው ምን ይለኛል?» ትለኛለች። እውነቷን ነው። እሷ ቤት ያደርሁ እንደሆነ ልጆቿ አልጋቸውን ለቀውልኝ መሬት ላይ ይተኛሉ፤ «በሞቴ» እየተባልሁ ሁለት ጊዜ እራት እበላለሁ፤ ጎረቤት ተጠርቶ ይመጣና «የእገሌ ልጅ ነው፤ አባቱን አይመስልም?» እየተባለ ፊቴ ይመረመራል። ፍቅር ነው፤ ግን አንዲት ገጽ አልጽፍም። አክስቴ ሆቴልን የምትጠላው በውድነቱ አይደለም። ሆቴል ማደር ሰው የሌለው ሰው ዕጣ ነው ብላ ስለምታምን ነው። ይህ እምነት ከከተማይቱ ይልቅ ያረጀ ሕግ ነው።

መንገደኛ የመሸበት እንደሆነ ከአንዱ ደጅ ቆሞ «ቤቶች! የመሸብኝ መንገደኛ ነኝ» ይላል፤ የሚጠብቀውም መልስ «ቤት የእግዜር ነው፤ ግቡ» የሚል ነው። ክፍያ የለም፤ ዋጋው ወሬና ምርቃት ነው። ይኸው ሕግ በቤተ መንግሥት ደረጃ ሲታይ ድርጎ ይባል ነበር። ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ ለንጉሡ ከተነገረለት በኋላ በሬው፣ እንጀራው፣ ማሩና ጠጁ ካረፈበት ድንኳን ድረስ ይሄድለታል። በየዘመኑ የመጡት ፈረንጆች የጉዞ መጻሕፍት በዚህ ነገር የተሞሉ ናቸው፤ አንዱ ብዛቱን ያደንቃል፣ ሌላው ዘገየብኝ ብሎ ያማርራል። ድርጎ ክብር ነው፤ ማሰሪያም ነው። የሚበላው ከንጉሡ እጅ የሚወጣለት እንግዳ ያለ ንጉሡ ፈቃድ ወዴትም አይንቀሳቀስም።

ከዐድዋ ድል በኋላ ግን እንግዳው በዛ። መልእክተኞቹ ሌጋሲዮን እየከፈቱ ተቀመጡ፤ ነጋዴው፣ መሐንዲሱ፣ የማዕድን ፈቃድ ለማኙ ተከታትሎ መጣ። ባቡሩ ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. ቢደርስም አዲስ አበባ ለመግባት እስከ 1909 ዓ.ም. ዘግይቷል፤ በመካከሉ የመጣው ሁሉ የቀረውን መንገድ በበቅሎ ጨርሶ ደክሞ ነበር የሚገባው። ይህን ሁሉ ሰው በድርጎ መቀለብ አይቻልም፤ የሚገባም አልነበረም። እቴጌ ጣይቱ ከአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ፣ ኋላ ፒያሳ በተባለው ሰፈር፣ ሆቴላቸውን አቋቋሙ። የምሥረታው ዘመን 1898 ዓ.ም. ይባላል። የሐበሻ ባንክም የተከፈተው በዚሁ ዓመት በየካቲት ወር ነው። በአንድ ዓመት ብርን ማስቀመጫም ብርን ማውጫም ማለት ነው።

ሆቴሉ እንደተከፈተ መኳንንቱ ዝር አላሉበትም ይባላል። እንጀራን በገንዘብ መግዛትም መሸጥም ነውር ነበራ! ሲነገር የኖረው ትረካ እንዲህ ይላል፤ ዐፄ ምኒልክ አንድ ቀን መኳንንታቸውን አስከትለው ገቡ፣ አዘዙ፣ በሉ፣ ሲጨርሱም ሒሳቡን ከኪሳቸው ከፈሉ፤ ከዚያ ወዲያ የተከተላቸው ሁሉ ተራውን እየጋበዘ ይከፍል ጀመር። ትረካው እንደ ቀልድ ነው የሚነገረው። እኔ ግን ከዘመኑ ከባድ ሥራዎች እንደ አንዱ አየዋለሁ። በግብር ቀን በአዳራሻቸው ሺዎችን በነፃ የሚያበሉ ንጉሥ፣ ለበሉት መክፈል እንደማያዋርድ በገዛ አካላቸው አስተማሩ። ሸማኔውንና ቀጥቃጩን በሙያው የሚሰድብ እንዳይኖር በ1900 ዓ.ም. ያወጁትም እኚሁ ንጉሥ ናቸው። ሁለቱም ዐዋጆች ናቸው፤ አንደኛው በነጋሪት፣ ሁለተኛው በሹካ።

ስለ እቴጌይቱ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ጣይቱ የግብር እመቤት ነበሩ። የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሲመረቅ ያዘጋጁት ድግስ በታሪክ ጸሐፊው በጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ መጽሐፍ ሳይቀር ቦታ አግኝቷል። በነፃ የሚቀርበው ማዕድ ስንት ገበሬ፣ ስንት ወጥ ቤት፣ ስንት እንስራ ተሸካሚ እንደሚፈልግ ከእርሳቸው የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም። ለማዕድ ዋጋ ያወጡለትም እርሳቸው መሆናቸው አይደንቀኝም፤ ዋጋውን ያውቁ ነበርና።

በ1902 ዓ.ም. ጣይቱ ከሥልጣን ተገለሉ። ዐፄ ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ እንጦጦ ወጥተው ከማርያም ደጅ ተቀመጡ፤ በየካቲት 1910 ዓ.ም. አረፉ። ከአንደኛው አልጋ ወረዱ፤ በሁለተኛው አልጋ ግን መንገደኛው ይተኛበት ነበር፤ ስማቸውንም እስከ ዛሬ ያስጠራ ይኸው ነው።

ጸጥ ያለ ማረፊያ ፍለጋ በዚያች ከተማ አዲስ ጭንቀት አይደለም። በ1928 ዓ.ም. መባቻ የጣልያን ወረራ ሲቃረብ የዓለም ጋዜጠኛ ሁሉ አዲስ አበባ ላይ ተራገፈ። ጥቂቶቹ ሆቴሎች ተጨናነቁ፤ ለዜና የመጣው ሰው ዜና ሲያጣ እርስ በርሱ ይሠላለል ጀመር። ከመካከላቸው እንግሊዛዊው ደራሲ ኤቭሊን ዎ ጀርመናውያን ባልና ሚስት በሚያስተዳድሩት ዶይቸስ ሃውስ በተባለ ጸጥተኛ ፔንሲዮን አረፈ። እ.ኤ.አ. በ1938 ባሳተመው «ስኩፕ» በተባለው ልብ ወለዱ ያ ቤት «ፔንሲዮን ድሬስለር» ሆኖ ይገኛል። ሰውየው ለኢትዮጵያ ደግ ዓይን አልነበረውም፤ ለወራሪው ያደላ ነበር፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ነውር ነው። ማረፊያ መምረጥ ግን ያውቅ ነበር። ጩኸቱን ከሆቴሎቹ ሰበሰበ፣ መጽሐፉን በፔንሲዮኑ ጸጥታ አሰበ። እንደዚያ ያለ ቤት ለጸሐፊ ስንት እንደሚያወጣ ከዚህ የተሻለ ምስክር አላውቅም።

ጸጥታና ዝምታ አንድ እንዳልሆኑ የተማርነው ደግሞ በደርግ ዘመን ነው። ሰዓት እላፊ ታውጆ መንገዱ ሁሉ ጭር ሲል ሆቴሎቹ ነበሩ የሚጮኹት። ሂልተን ዋልያስ ባንድ፣ ግዮን ዳህላክ ባንድ ይጫወታሉ፤ ማታ የገባ ሰው ወታደር በቆመበት መንገድ ወደ ቤቱ መመለስ አይችልምና እስከ ንጋት እዚያው ይጨፍራል። ውጭ የነበረው ዝምታ የፍርሃት ነበር፤ እንደዚያ ያለውን ዝምታ ማንም መንገደኛ አይመኝም። ስለዚህ ሂልተን ጩኸቱ አስመረረኝ ላለ የዚያ ዘመን እንግዳ አላዝንም። ለነገሩ የዚያ ሆቴል የመዋኛ ውኃ ከመሬት የሚፈልቅ ፍል ውኃ ነው፤ ጣይቱን ከእንጦጦ ብርድ አውርዶ አዲስ አበባን እንዲቆረቁሩ ያደረጋቸው የፍልውኃ ዘመድ።

የጣይቱ ሆቴል በጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. ተቃጠለ። ከፊል አካሉንና ጃዛምባ የተባለውን የሙዚቃ አዳራሽ እሳት በላው። ተጠግኖ እንግዳ መቀበሉን ቀጠለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የዐድዋ ድል መታሰቢያ በዚያው በፒያሳ በተመረቀ በሳምንታት ውስጥ በዙሪያው የነበሩ አሮጌ መንደሮች በልማት ስም ፈረሱ፤ ደንበኛው፣ ሻይ ቤቱ፣ ጫማ ጠራጊው ወደ ከተማይቱ ዳርቻ ተበተነ። የሆቴል ውበት ግማሹ ከበሩ ውጭ ያለው ነገር ነው። ማታ ወጥቼ የምጠጣው ማኪያቶ፣ ስሜን ሳያውቅ ሰላም የሚለኝ ባለ ሱቅ፣ እነዚህ በሒሳብ ወረቀቱ ላይ አይጻፉም። ቤቱ ብቻውን ሲቀር ቅርስ ይሆናል፤ ማረፊያ መሆኑን ግን እንጃ።

ስለዚህ እንዲህ አደርጋለሁ። ዋጋ ሳልጠይቅ ክፍሉን አሳዩኝ እላለሁ፤ የማያሳይ ቤት የሚደብቀው ነገር አለው። መንገድ ዳር ያለውን ትቼ ወደ ጓሮ የዞረውን እመርጣለሁ፤ ጓሮው ላይ ግን ጄኔሬተር እንዳለ በዓይኔ አያለሁ። ባለ እንጨት ወለል አሮጌ ቤት ከሆነ የላይኛውን ፎቅ እይዛለሁ፤ ከራሴ በላይ የሚራመድ እንዳይኖር። ከዚያ መስኮቱን ከፍቼ ጥቂት እቀመጣለሁ። ሌሊት የጊዮርጊስ ቅዳሴ ቢሰማ ግድ የለኝም፤ እንዲያውም ሰዓቱን ይነግረኛል። ለአክስቴም ማታ እደውልላታለሁ። «በላህ?» ትለኛለች። በላሁ እላለሁ። «ስንት አስከፈሉህ?» ትላለች፤ ነገርኋት፤ ረጅም ዝም አለችና «ለዚህ ገንዘብ እኮ በግ ይገዛ ነበር» አለች።