ሮጦ ስለ መብረር



ከባሕር ዳር ጥቂት ወጣ ብላችሁ፥ ዓባይ ከጣና በሚለይበት በጨረጨራ በኩል በማለዳ ብትቆሙ፥ ፔሊካን የሚባለውን ትልቅ ነጭ ወፍ በውሃው ላይ ተቀምጦ ታገኙታላችሁ። ፀሓይ ከፍ ብላ የብሱ ሲሞቅ በላዩ ያለውም አየር ሞቆ ወደ ላይ ይነሣል፤ ያን ጊዜ ይህ 10 ኪሎ ያህል የሚመዝን ፍጥረት ክንፉን ዘርግቶ፥ እምብዛም ሳያርገበግብ፥ እየዞረ ወደ ሰማይ ይወጣል። እኔ ባየሁት ቁጥር ሥራዬን እረሳለሁ።

እንዲህ ያለውን ነገር በሚዛንና በሜትር የመረመረው ኦቶ ሊሊየንታል የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ ነው። የእርሱ አስተማሪ ሽመላ ነበር፤ የአውሮፓን ብርድ ሸሽቶ በየዓመቱ ወደ አፍሪካ የሚወርደው፥ በእኛም አገር የሚታየው ሽመላ። ጥናቱን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1889 ዓ.ም. አሳተመ፤ ከ2 ዓመት በኋላም ከአኻያ እንጨትና ከጥጥ ጨርቅ በሠራው ክንፍ መብረር ጀመረ። በ1894 በበርሊን አጠገብ 15 ሜትር ከፍታ ያለው ጉብታ አስቆልሎ፥ ነፋሱን ፊት ለፊት እየተቀበለ ከዚያ ላይ ሮጦ ይነሣ ነበር።

ክንፉ 20 ኪሎ ያህል ነበር። እንደ ደንገል ታንኳ ሁሉ የዚህም ብልኀቱ ቅለቱ ነው፤ ሞተሩ የሰው እግር ነውና። እንዲህ ያለ ክንፍ ሰውን የሚያነሣው አየሩ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲያልፍበት ነው እንበል። ነፋሱ 15 ከሰጠ ሯጩ 15 ይጨምራል። ጣና ግን ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ስለ ሆነ፥ በዳርቻው ያለው አየር ከባሕር ጠረፉ በአንድ ስድስተኛ ግድም ሳስቷል። ስለዚህ ያው ሰው በዚያው ክንፍ ለመነሣት አንድ ዐሥረኛ የሚሆን ተጨማሪ ፍጥነት ያስፈልገዋል።

ሊሊየንታል 2,000 ጊዜ ያህል በረረ። ነገር ግን ክንፉን በክንዶቹ ደግፎ ይይዝ ስለ ነበር፥ ሚዛኑን ለመጠበቅ የሚያወዛውዘው እግሩንና ወገቡን ብቻ ነበር። በኦገስት 9 ቀን 1896 ድንገት የተነሣ ሞቃት አየር፥ ያው ፔሊካኑን የሚያነሣው ዐይነት አየር፥ ክንፉን ቀና አደረገበት ይባላል። ክንፉ ፍጥነቱን አጣ፤ እርሱም ሊመልሰው ሳይችል ከ15 ሜትር ያህል ወድቆ አከርካሪው ተሰበረ። በማግሥቱ ሞተ።

ከ1903 ወዲህ ዓለም ወደ ሞተሩ ዞረ። በ1948 አሜሪካውያኑ ፍራንሲስ ሮጋሎና ባለቤቱ ገርትሩድ ተጣጥፎ የሚያዝ የጨርቅ ክንፍ አበጁ። በ1963 ደግሞ ጆን ዲከንሰን፥ ግራፍተን በምትባል የአውስትራሊያ ከተማ፥ ይህን ክንፍ በሞተር ጀልባ እያሳበ በወንዝ ላይ አስነሣው። ዋናው ነገር የአሰቃቀሉ ነው፤ በራሪው ከክንፉ ሥር በመታጠቂያ ተንጠልጥሎ፥ ባለ ሦስት ማዕዘን መያዣውን ወደ ራሱ ሲስብ መላ ሰውነቱ ወደ ፊት ይሄዳል፥ የክንፉ አፍንጫ ይደፋል፥ የጠፋውም ፍጥነት ይመለሳል። ሊሊየንታል ያጣው ይህንኑ ነበር።

የፊተኛው የሮጋሎ ክንፍ 1 ሜትር ሲወርድ 4 ሜትር ያህል ወደ ፊት ይሄድ ነበር፤ የዛሬው ጥሩ ክንፍ 15 ይሄዳል። አየሩ ጸጥ ካለ፥ ከ100 ሜትር ኮረብታ የተነሣ ሰው በፊተኛው 400፥ በዛሬው 1,500 ሜትር ርቆ ያርፋል ማለት ነው። የጣና ስስ አየር ይህን ርቀት አይቀንሰውም፤ ዋጋውን የሚጠይቀው በመነሻውና በማረፊያው ላይ፥ ከእግር ነው።