ኒኬል በፕላቲነም ቦታ

ውሃ ከሃይድሮጅንና ከኦክሲጅን የተሠራ መሆኑን በትምህርት ቤት ሁላችንም ተምረናል። በኤሌክትሪክ ኀይል ውሃን ወደ ሁለቱ ጋዞች መለየት ይቻላል፤ ሁለቱን ጋዞች መልሶ በማገናኘት ደግሞ ያለ ጢስ ኤሌክትሪክ ማግኘት ይቻላል። ይህን ሁለተኛውን ሥራ በ1842 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው) በጋዝ ባትሪው ያሳየው የዌልስ ተወላጅ የሆነው ዊልያም ግሮቭ ነው።

ግሮቭ የተጠቀመበት ማዕድን ፕላቲነም ነበር። ሁለቱ ጋዞች ብቻቸውን ቢተዉ በቶሎ አይዋሐዱምና የሚያፋጥናቸው ካታሊስት ያስፈልጋል። ሽማግሌ ሁለት ወገኖችን አስማምቶ ጋብቻ ሲያጸና ራሱ እንደማይጋባ ሁሉ፣ ካታሊስትም ሥራውን ፈጽሞ ራሱ ሳይለወጥ ይቀራል። ፕላቲነም ለዚህ እጅግ የተመቸ ነው፤ ነገር ግን በምድር ላይ ጥቂት፣ ዋጋውም ውድ ነው። ይህም የግሮቭ ግኝት ከላቦራቶሪ እንዳይወጣ ካገዱት ምክንያቶች አንዱ ሆነ።

እንግሊዛዊው መሐንዲስ ፍራንሲስ ቶማስ ቤከን በ1932 ዓ.ም. ስለዚሁ ነገር ማሰብ ጀመረ። ይሠራበት የነበረው ድርጅት ሙከራውን እንዲተው ወይም ሥራውን እንዲለቅ በጠየቀው ጊዜ፣ ሥራውን ለቀቀ። በፕላቲነም ፈንታም እጅግ በበለጠ መጠን የሚገኘውን ኒኬልን መረጠ። ኒኬልን አሲድ ስለሚበላው፣ አሲዱን ትቶ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ የተበጠበጠበትን ውሃ ተካ። ኒኬል እንደ ፕላቲነም ፈጣን ስላልሆነ ደግሞ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ሙቀትና ብርቱ ግፊት ጨመረበት። በኦክሲጅን በኩል ያለው ኒኬል እየተበላ ቢያስቸግረውም፣ በሊቲየም አማካይነት ጉዳቱን ገታው።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ ከ27 ዓመት በኋላ በ1959 ዓ.ም. በካምብሪጅ ከተማ 40 ሴሎች የተያያዙበትንና 5 ኪሎዋት ያህል የሚያመነጨውን መሣሪያ በሕዝብ ፊት አቁሞ የብየዳ መሣሪያ አሠራበት። አሜሪካውያንም ሥራውን አሻሽለው በአፖሎ መንኰራኵሮች ላይ አዋሉት። በ1969 ዓ.ም. ወደ ጨረቃ የተጓዙት ሰዎች ከዚሁ መሣሪያ ኤሌክትሪክ አገኙ፤ ጋዞቹ ሲዋሐዱ የወጣውንም ውሃ ጠጡ።

ዛሬም ጥያቄው አልተዘጋም። በአልካላይን ውስጥ ውሃን የሚለያዩት መሣሪያዎች በኒኬል ይሠራሉ፤ በአሲድ የሚሠሩት ግን ገና ፕላቲነምንና ኢሪዲየምን ይፈልጋሉ። ስለዚህ ሊቃውንት በብረት፣ በኮባልትና በኒኬል መመራመራቸውን ቀጥለዋል። ንጹሕ ኀይል በውድ ማዕድን ላይ ብቻ ከቆመ የባለጸጎች ንብረት ሆኖ ይቀራልና፣ ነገሩ የሁላችንም ነው። የቤከን ታሪክ የሚያስተምረን፣ የውዱን ማዕድን ሥራ ለርካሹ ማውረስ እንደሚቻል፣ ነገር ግን ሙቀቱን፣ ግፊቱንና ትዕግሥቱን የሚከፍል ሰው እንደሚያስፈልግ ነው።