ጨው እስኪታጠብ፦ የአንዲት አሮጌ መኪና የፀደይ ዝግጅት እንደ ታሪክ ምንጭ



 የዛሬው ርእሴ ለታሪክ ጉባኤ ቀላል መስሎ ሊታይ ይችላል። አንዲት አሮጌ የአሜሪካ መኪና የበረዶውን ወራት በጋራዥ ካሳለፈች በኋላ ለፀደይ ጉዞ እንዴት እንደምትዘጋጅ እናገራለሁ። እኛ የታሪክ ባለሙያዎች የአንድን ዕቃ ፈልሳፊ፣ የተሠራበትን ዓመትና ዋጋውን በትጋት እንመዘግባለን፤ ዕቃው በአገልግሎት እንዲቆይ የሚደረገውን ድካም ግን አብዛኛውን ጊዜ እንዘለዋለን። የዛሬው ክርክሬ፣ ጥገና ራሱ የታሪክ ምንጭ ነው የሚል ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አሜሪካውያን «መስል ካር» የሚሉት፣ እኛ «ጡንቸኛ መኪና» ልንለው የምንችለው፣ መካከለኛ አካል ላይ እጅግ ትልቅ ሞተር የተገጠመለትን መኪና ነው። የዘመኑ መጀመሪያ ተብሎ ብዙውን ጊዜ የሚጠቀሰው የ1964ቱ ፖንቲያክ ጂቲኦ ነው። ጄኔራል ሞተርስ የመካከለኛ መኪኖቹ ሞተር ከ330 ኪዩቢክ ኢንች እንዳይበልጥ ወስኖ ነበር። የፖንቲያክ መሐንዲሶች ግን 389 ኪዩቢክ ኢንች የሚለካውን ሞተር ገዢው በተጨማሪ ክፍያ የሚመርጠው ዕቃ አድርገው በማቅረብ ውሳኔውን በዘዴ አለፉት። ዐሥር ዓመት ሳይሞላ የ1970ው የንጹሕ አየር ሕግ፣ የኢንሹራንስ ዋጋ መናርና የ1973ቱ የነዳጅ ማዕቀብ ዘመኑን ዘጉት። መኪኖቹ ግን ቀሩ።

ሚሺጋን በቆየሁበት ጊዜ ጎረቤቴ የነበሩ፣ ከመኪና ፋብሪካ ሥራ በጡረታ የተገለሉ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ አዛውንት ከእነዚህ መኪኖች አንዷ ነበረቻቸው፤ የ1970 ዶጅ ቻሌንጀር። በመጋቢት አጋማሽ ፀሐይ ወጥታ በረዶው ሲቀልጥ፣ «ዛሬ አያወጧትም?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ወደ አስፋልቱ እያመለከቱ፣ «ገና ዝናብ አልጣለም» አሉኝ። ነገሩ የገባኝ ሲያስረዱኝ ነው። ክረምቱን ሙሉ በረዶ እንዲያቀልጥ በመንገዱ ላይ የተበተነው ጨው ብረት ይበላል። የአሮጌ መኪና ባለቤት ሙቀት ብቻ አይበቃውም፤ ጥሩ ዝናብ መጥቶ ጨውን እስኪያጥብ ይጠብቃል። ከዲትሮይት ከተማ ሥር 360 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ ሰፊ የጨው ማዕድን አለ። ብረቱ ተቀጥቅጦ መኪና የሚሆንበት ከተማ፣ ያንኑ ብረት የሚያዝገው ጨው ከሥሩ ይወጣል።

ዝናቡ ከጣለ በኋላ ሥራው ተጀመረ። መጀመሪያ ሽፋኑ ተነሣ፤ ከዚያ አይጥ ጎጆ ሠርታ እንደሆነ ለማየት የኋላው መቀመጫ ወጣ። አይጧ ገብታ ነበር። ከመቀመጫው ሞላዎች መካከል ዳሯ የተበላ፣ በቁጥርና በምልክት የተሞላ ወረቀት ወጣ። መኪናዋ በፋብሪካው መስመር ላይ ስታልፍ የትኛው ሞተር፣ የትኛው ማርሽ፣ የትኛው ቀለም እንደሚገባት ለሠራተኞቹ የሚነግር የሥራ ማዘዣ ነበር። እንዲህ ያለው ወረቀት በዚያ ዘመን መኪኖች መቀመጫ ውስጥ ተረስቶ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ለታሪክ ተማሪ ከቤተ መዛግብት የወጣ ሰነድን ያህል ነው። ከፊት መስታወቱ ሥር ያለው መለያ ቁጥርም እንደዚሁ ይነበባል፦ «ኤን» የሚለው ፊደል 383 ኪዩቢክ ኢንች፣ ማለትም 6.3 ሊትር ያህል የሚለካውንና በጊዜው አለካክ 335 የፈረስ ጉልበት የተባለለትን ሞተር፣ ዜሮው 1970ን፣ «ቢ» የሚለው ፊደል ደግሞ የሃምትራምክን ፋብሪካ ያመለክታል። ወረቀቱ ከሞተሩ እስከ ቀለሙ ይዘረዝራል፤ የአንድ ሠራተኛ ስም ግን የለበትም። ጎረቤቴ ወረቀቱን አገላብጠው አይተው በጥንቃቄ አጠፉትና በደረት ኪሳቸው ከተቱት።

ቀጥሎ የመጣው የነዳጁ ጉዳይ ነው። ለወራት የቆመ ቤንዚን ይበላሻል፤ ካርቡሬተሩንም የሚዘጋ ሙጫ መሰል ዝቃጭ ይተዋል። ስለዚህ ተቀዳ። የዛሬው የአሜሪካ ቤንዚን ኤታኖል ስለሚቀላቀልበት እርጥበት ይስባል፤ የጥንቱን የጎማ ቱቦም ያበላሻል። ቱቦዎቹም ተቀየሩ። ከሁሉ የሚከብደው ግን ከቤንዚኑ የጠፋው ነገር ነው፤ እርሱም እርሳስ ነው።

በታኅሣሥ 1921 ቶማስ ሚጅሊ በዴይተን ኦሃዮ በነበረው የጄኔራል ሞተርስ ቤተ ሙከራ፣ ቴትራ ኤቲል ሌድ የተባለው የእርሳስ ውሁድ የሞተርን መንኳኳት እንደሚያስቀር አገኘ። በጥቅምት 1924 በኒው ጀርዚ በሚገኝ የነዳጅ ማጣሪያ ውስጥ ይህን ውሁድ ሲያመርቱ ከነበሩት ሠራተኞች አምስቱ ተመርዘው ሞቱ። ሽያጩ ለጥቂት ጊዜ ተቋርጦ እንደገና ቀጠለ። የጡንቸኞቹ መኪኖች ከፍተኛ እመቃ በዚህ ነዳጅ ላይ የቆመ ነበር። እርሳሱ በጭስ ማውጫ ቫልቭ መቀመጫዎች ላይ ስስ ሽፋን እየተወ ከመበላትም ይጠብቃቸው ነበር። አሜሪካ እርሳስ ያለበትን ቤንዚን ለመንገድ መኪኖች ፈጽማ የከለከለችው በ1996 ነው። ከሰሃራ በታች ያሉ አገሮች፣ የእኛም አገር ጭምር፣ እስከ 2006 መጀመሪያ ተራ በተራ ተዉት። አልጄሪያ በ2021 የመጨረሻዋ ሆነች። የእኛም ከተሞች ሕፃናት ያንኑ ጭስ ተንፍሰው አድገዋል ማለት ነው።

የጎረቤቴ ሞተር ከብዙ ዓመታት በፊት ተፈትቶ ጠንካራ የብረት መቀመጫ ለቫልቮቹ ተገጥሞለታል። እዚህ ላይ ለጥናታችን አንድ ቁም ነገር አገኛለሁ። መኪናዋ በመጀመሪያው ይዞታዋ ብቻ እንድትኖር ቢፈለግ፣ መርዙም አብሮ እንዲኖር መፈለግ ይሆናል። ባለቤቷ ሊጠብቃት የቻለው በመለወጥ ነው። በሞተር ዘይቱም የሆነው ይኸው ነው። በዘመናዊ ዘይት ውስጥ ያለው የዚንክና የፎስፈረስ ቅመም የተቀነሰው፣ ፎስፈረሱ የአዳዲሶቹን መኪኖች የጭስ ማጣሪያ ስለሚጎዳ ነው። የጥንቱ ካምሻፍት ግን ያለዚያ ቅመም ይበላል። ስለዚህ ጎረቤቴ ቅመሙ የበዛበትን ልዩ ዘይት ገዝተው ያፈስሳሉ። የዘመኑ አየር የጸዳበት ሕግ በአንድ ጠርሙስ ዘይት ላይ ይነበባል።

ፍሬኑ ላይ ስንደርስ ሥራው ሁለት ሰው ይፈልግ ነበር። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ስለሚስብ፣ አሮጌው ወጥቶ አዲስ ሊሞላ፣ የገባው አየርም ሊወጣ ይገባል። እኔ ተቀምጬ ፔዳሉን ስረግጥ፣ እርሳቸው ከመንኮራኩሩ ሥር ተንበርክከው ቡሎኑን ሲፈቱና ሲያጠብቁ አንድ ከሰዓት አለፈ። «ርገጥ»፣ «ያዝ»፣ «ልቀቅ» ይሉኛል። በመካከሉ ድምፃቸው ጠፋ። ቀና ብለውም፣ «ለሚሮጠው እንዲህ እንጠነቀቃለን፤ ለሠሪው ግን የተጠነቀቀ አልነበረም» አሉኝ።

ይህን አነጋገር ታሪኩ ይደግፈዋል። መኪናዋ በተሠራችበት በሃምትራምኩ የዶጅ ፋብሪካ፣ በግንቦት 1968 የምርት መስመሩ ፍጥነት መጨመሩን በመቃወም ሠራተኞች ሥራ አቆሙ። ጥቁሮችም ነጮችም ተካፍለውበት ሳለ፣ ቅጣቱ በጥቁሮቹ ላይ በረታ። ከዚህ በኋላ ድራም በሚል ምሕጻር የታወቀው የጥቁር ሠራተኞች ንቅናቄ ተመሠረተ። ንቅናቄው ኩባንያውን ብቻ ሳይሆን የሠራተኛ ማኅበሩንም ከሰሰ። ለክራይስለር መኪኖች ዲፈረንሺያል ይሠራ በነበረው በኤልደን ጎዳና ፋብሪካ፣ በግንቦት 1970 አንድ ወጣት ሠራተኛ በሚነዳው ፎርክሊፍት ተገልብጦበት ሞተ። ማሽኑ ጉድለት ያለበት እንደነበር ከዚያ በኋላ በተደረገ ምርመራ ታወቀ። ያ ዓመት በጎረቤቴ መኪና መለያ ቁጥር ላይ በዜሮ የተጻፈው ዓመት ነው።

በመጨረሻ ባትሪው ተሞላ፤ የጎማዎቹ ዕድሜ በጎናቸው ካለው ቁጥር ተነበበ፤ ሞተሩ ሳይነሣ ዘይቱ ወደ ላይ እንዲወጣ ለጥቂት ሴኮንዶች ተሽከረከረ፤ ከዚያም ተነሣ። ድምፁን ለመግለጽ አልሞክርም። በዉድዋርድ ጎዳና ወደ ሰሜን ተጓዝን። ይህ ጎዳና በ1960ዎቹ ወጣቶች መኪኖቻቸውን የሚፈትኑበት ነበር። ከ1995 ጀምሮ በነሐሴ የአሮጌ መኪኖች ታላቅ ትርኢት ይካሄድበታል። የትርኢቱ ዋና መንገድ የሚጀምረው ግን ዲትሮይት በምታበቃበት፣ ለብዙ ዘመን በጥቁሮቹ ከተማና በነጮቹ መንደሮች መካከል እንደ ወሰን በታየው በኤይት ማይል መንገድ ነው። ድንበሩን ስናልፍ ጎረቤቴ ምንም አልተናገሩም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም።

የሃምትራምኩ ፋብሪካ በ1980 ተዘግቶ ፈረሰ፤ በቦታው ሌላ ፋብሪካ ተሠራ። ግንቡ ስለሌለ፣ ከዚያ ቦታ የቀረልን ምስክር በአብዛኛው በየጋራዡ የተኛው መኪና ነው። ይህ ምስክር የሚናገረው ግን ሲጠገን ነው። ትርኢት ላይ የቆመች፣ ያብረቀረቀች መኪና ስለ ፍጥነትና ስለ ወጣትነት ትተርካለች፤ ስለ እርሳሱ፣ ስለ መስመሩ ፍጥነትና ስለ ኤልደኑ ወጣት የሰማሁት ግን ኮፈኑ ተከፍቶ፣ መቀመጫው ወጥቶ፣ እጃችን በዘይት ጨቅይቶ ሳለ ነው።

ውድ ተማሪዎች፤ ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ በከተማችን ጎዳና ገና የሚሄዱ አሮጌ ቮልሶች ታገኛላችሁ። ስለ እነርሱ ለመጻፍ የምትሹ ካላችሁ፣ ከፋብሪካው ታሪክ በፊት ወደ ጋራዡ ሂዱ። ምን እንደተቀየረ፣ ለምን እንደተቀየረ፣ ማንስ እንደቀየረው ጠይቁ። የሠሪውን ስም ወረቀቱ ካልመዘገበው፣ እኛ ልንመዘግበው ይገባል።