የአካል እንቅስቃሴና ዘረመል በሰውነት ክብደት ላይ ያላቸው የጋራ ተጽዕኖ

ከልክ ያለፈ ውፍረት ለስኳር ሕመም፣ ለደም ግፊት፣ ለልብ ሕመም እና ለአንዳንድ የካንሰር ዓይነቶች የሚያጋልጥ የጤና ችግር ነው። ይሁን እንጂ በርካታ ሰዎች «ውፍረቴ ከቤተሰብ የወረስኩት ስለሆነ ብንቀሳቀስም ለውጥ አላገኝም» በማለት ጥረታቸውን ያቋርጣሉ። አባባሉ ግማሽ እውነት አለው፤ መደምደሚያው ግን ስሕተት ነው።

የዘረመል ድርሻ

በመንትዮችና በቤተሰቦች ላይ የተካሄዱ ጥናቶች እንደሚያመለክቱት፣ በሰዎች መካከል ከሚታየው የክብደት ልዩነት በግምት ከ40 እስከ 70 በመቶ የሚሆነው ከዘር ውርስ ጋር የተያያዘ ነው። ይህ አኃዝ በሰዎች መካከል ያለውን ልዩነት የሚገልጽ እንጂ የአንድ ግለሰብ ክብደት አስቀድሞ ተወስኗል ማለት አይደለም።

በዚህ ረገድ በስፋት የተጠናው ኤፍቲኦ የተሰኘው ዘረመል ሲሆን ከውፍረት ጋር ያለው ግንኙነት ይፋ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ማንኛውም ሰው የዚህን ዘረመል አንድ ቅጂ ከእናቱ፣ አንድ ቅጂ ከአባቱ ይወርሳል። በጥናቱ ሁለቱም ቅጂዎቻቸው ለውፍረት የሚያጋልጡ የሆኑ አዋቂዎች፣ አንዱንም ካልወረሱት ጋር ሲነጻጸሩ በአማካይ 3 ኪሎ ግራም ያህል ብልጫ ነበራቸው። ተጽዕኖው በዋናነት ከምግብ ፍላጎትና ከጥጋብ ስሜት ጋር የተያያዘ እንደሆነ ይታመናል።

እንቅስቃሴ የሚያመጣው ለውጥ

እ.ኤ.አ. በ2011 ከ218 ሺህ በላይ አዋቂዎችን ያካተቱ 45 ጥናቶች በአንድነት ተተንትነው ነበር። በውጤቱም የአካል እንቅስቃሴ በሚያዘወትሩ ሰዎች ዘንድ ይህ ዘረመል ለውፍረት የማጋለጥ ተጽዕኖው በ27 በመቶ ያህል ቀንሶ ተገኝቷል። በአሜሪካ በእርሻና በእጅ ሙያ በሚተዳደሩት የአሚሽ ማኅበረሰብ አባላት ላይ በተደረገ ሌላ ጥናትም፣ በብዛት በሚንቀሳቀሱት ዘንድ የዘረመሉ ተጽዕኖ ጎልቶ አልታየም።

ከዚህ የምንረዳው ዘረመሉ ባይለወጥም ተጽዕኖው እንደ አኗኗራችን ሊጨምር ወይም ሊቀንስ እንደሚችል ነው። ሆኖም ከእነዚህ ጥናቶች አብዛኞቹ የአውሮፓ የዘር ግንድ ባላቸው ሰዎች ላይ የተካሄዱ በመሆናቸው፣ አኃዞቹን እንዳሉ ወደ ሀገራችን ማምጣት አይገባም። እንቅስቃሴ ለልብ፣ ለደም ግፊትና ለደም ስኳር የሚሰጠው ጥቅም ግን ክብደት ባይቀንስ እንኳ የሚገኝ ነው።

የሚመከረው መጠን

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ መሠረት፦

• አዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ ቢያደርጉ፤
• በሳምንት ቢያንስ ለ2 ቀናት ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ቢጨምሩ፤
• ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ቢንቀሳቀሱ ይመከራል።

ለዚህም ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ፣ ብስክሌት መንዳት፣ የእርሻና የጓሮ ሥራ እንዲሁም ደረጃ መውጣት ሁሉ እንቅስቃሴዎች ናቸው። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው ከተሽከርካሪ ነፃ የመንገድ ቀንም ዓላማው ይኸው ነበር።

ልብ ሊባሉ የሚገባቸው ነጥቦች

በቤተሰባቸው ውፍረት ያለባቸው ሰዎች ለመንቀሳቀስ የዘረመል ምርመራ መጠበቅ አያስፈልጋቸውም። ይልቁንም ክብደታቸውን፣ የወገብ ዙሪያቸውን፣ የደም ግፊታቸውንና የደም ስኳራቸውን በአቅራቢያቸው በሚገኝ ጤና ተቋም በየጊዜው ቢለኩ ይጠቀማሉ። እንቅስቃሴው ከተመጣጠነ አመጋገብ ጋር ሲጣመር ውጤቱ የተሻለ ይሆናል። የልብ ወይም ሌላ ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸው፣ እንዲሁም ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀሱ የቆዩ ሰዎች ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ ከመጀመራቸው በፊት የጤና ባለሙያ ሊያማክሩ ይገባል።