ትንንሾቹን የዋጠው ፓን አም

እ.ኤ.አ. በ2020 ለገበያ በቀረበውና «ፓን አም» በተሰኘው የሰሌዳ ጨዋታ፣ ተጫዋቾቹ የሚያቋቁሟቸው አየር መንገዶች ከጅምሩ ለመዋጥ የታሰቡ ናቸው። ከ2 እስከ 4 ሰዎች ሆነው የማረፊያ ፈቃድ ይሰበስባሉ፣ ለአውሮፕላን ይጫረታሉ፣ በዓለም ካርታ ላይ መስመር ይዘረጋሉ። ከዚያ ዳይስ ይጣልና የአሜሪካው አየር መንገድ ፓን አም ከማያሚ ተነስቶ ይስፋፋል፤ በመንገዱ ያገኘውን መስመር ገንዘብ ከፍሎ ይወስዳል። ባለመስመሩም በዚያ ገንዘብ የፓን አም አክሲዮን ይገዛል። ከ7 ዙር በኋላ አሸናፊው ብዙ አክሲዮን የያዘው ነው።

ሕጉ የተቀዳው ከታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1927 ፓን አም ከፍሎሪዳዋ ኪ ዌስት ወደ ሃቫና ፖስታ ለማድረስ ውል ነበረው፤ የውሉ ቀነ ገደብ ጥቅምት 19 ሲደርስ ግን የራሱን አውሮፕላን ማብረር አልቻለም። ውሉን ያተረፈለት ዌስት ኢንዲያን ኤሪያል ኤክስፕረስ ለተባለ ትንሽ አየር መንገድ ሊደርስ በጉዞ ላይ የነበረ፣ በውሃ ላይ የሚያርፍ ፌርቻይልድ አውሮፕላን ነው። በኪራይ ፖስታውን ጭኖ 145 ኪሎ ሜትር ያህል ባሕር ተሻገረ። በዓመቱ ያ ባለውለታ አየር መንገድ የካሪቢያኑን የፖስታ ውል በፓን አም ተነጠቀ፤ ራሱም ለፓን አም ተሸጠ።

የፓን አም መሪ የኹዋን ትሪፕ ትልቁ መሣሪያ ይኸው የፖስታ ውል ነበር። በዚያ ዘመን የመንገደኛ ትኬት ብቻውን አየር መንገድ አያኖርም ነበር። ራልፍ ኦኒል ከኒው ዮርክ እስከ ቦነስ አይረስ የሚዘልቅ ናይርባ የተባለ አየር መንገድ አቋቁሞ ነበር። የአሜሪካው የፖስታ ሹም ዋልተር ብራውን ለፓን አም ስላደሉ ግን፣ ኦኒል እ.ኤ.አ. በ1930 አየር መንገዱን ለተቀናቃኙ ለማስረከብ ተገደደ። በቀጣዩ ዓመት ትሪፕ የኮሎምቢያውን አየር መንገድ የስካድታን አብላጫ አክሲዮን በምስጢር ገዛ። እ.ኤ.አ. ኅዳር 1935 ደግሞ የፓን አም አውሮፕላን «ቻይና ክሊፐር» ፖስታ ጭኖ ከሳን ፍራንሲስኮ ማኒላ ገባ።

ጨዋታው ከጄት ዘመን አያልፍም። ታሪኩ ግን ቀጥሏል። የነዳጅ ዋጋ መናር፣ ናሽናል አየር መንገድን በውድ መግዛቱና እ.ኤ.አ. በ1988 በሎከርቢ ሰማይ በአውሮፕላኑ ላይ የደረሰው የቦምብ ጥቃት ተደራርበው ፓን አምን አዳከሙት። ገዢ የነበረው ሻጭ ሆነ፤ የፓስፊክ መስመሮቹን እ.ኤ.አ. በ1985 በተፈረመ ውል በ750 ሚሊዮን ዶላር ለዩናይትድ አየር መንገድ ለቀቀ። የለንደን ሂትሮው መስመሮቹም ተከተሉ። ጠረጴዛው ላይ መስመሩን ሽጦ አክሲዮን የሚገዛ ሰው ብልህ ነው፤ ፓን አም ግን መስመሩን የሸጠው ዕዳ ለመክፈል ነበር። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 4 ቀን 1991 በረራውን ለዘለዓለም አቆመ፤ አክሲዮኑን እስከ መጨረሻ ይዞ የቆየ ባለቤትም ምንም አልተረፈውም።