ኮሎው አሁን የት ነው?

ጠመንጃ ያዥ የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው የአዲስ አበባ ሰፈሮች በነዋሪዎቻቸው አገልግሎት ይጠሩ በነበረበት በአፄ ምኒልክ ዘመን ነው። ሠራተኛ ሰፈር የእጅ ባለሙያውን፣ ዘበኛ ሰፈር ጠባቂውን እንዳስጠራ ሁሉ ይህም ሰፈር የንጉሠ ነገሥቱን ጠመንጃ ይዘው የሚያገለግሉትን አስጠራ። «ያዥ» የሚለው ቃል ልብ ሊባል ይገባዋል። ዛሬም ገንዘብ ያዥ ስንል ገንዘቡን የሚያውቀውን፣ የሚጠብቀውን፣ ሲጎድል የሚጠየቅበትን ሰው ማለታችን ነው። በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ የዘመተው ሠራዊት የታጠቀው ጠመንጃ ደግሞ አንድ ዓይነት አልነበረም። ሰናድሩ የእንግሊዝ፣ ወጅግራው የፈረንሳይ፣ አልቢኑ የቤልጅግ ሥራ ነው፤ የአንዱ ጥይት ለሌላው አይሆንም። የፋብሪካው መጽሐፍ አብሮ አልመጣም፤ ቢመጣም በባዕድ ቋንቋ ነው። ስለዚህ ያዡ ዕውቀቱን በጣቱ፣ በጆሮውና በስም አወጣጡ ውስጥ ማኖር ነበረበት። ስናይደርን ሰናድር፣ ግራን ወጅግራ ያለው አንደበት ከውጭ የመጣ መሣሪያን የራሱ ማድረግ የጀመረው ከስሙ ነው። የዛሬው የአዲስ አበባ መካኒክ ከቶዮታ ቪትዝ ሞተር ላይ ኮሎ የሚባለውን ዘንግ የሚከታተል የተበላሸ ሴንሰር ሲፈልግ የሚሠራው ሥራ የዚሁ ሙያ ቀጣይ ነው ብዬ አምናለሁ። ኮምፒዩተር መጥቶ የድሮውን መካኒክ ዕውቀት ሻረው የሚለውን አባባል የማልቀበለውም ለዚህ ነው።

የመጀመሪያዋ መኪና አዲስ አበባ የገባችው በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነሥቶ በበረሃና በገደል ያመጣት ዎልስሌይ ነበረች። ከእሷ በፊት አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያን ያስመጣው በእንፋሎት የሚሠራ ማሽን የሰርኪስ ባቡር ተብሎ ነበር። ጋራዥ እንደ ሙያ ቦታ በስፋት የተተከለው ግን በ1928 ዓ.ም. ከገባው የጣልያን ወረራ ጋር ነው። ወረራው በ1933 ዓ.ም. ሲያበቃ መንገዱና የጭነት መኪናው ብቻ ሳይሆን ቋንቋውም ቀረ። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ማርሚታ፣ ካንዴላ፣ ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን ሁሉም የዚያ ዘመን ቅሪት ናቸው። ከነፃነት በኋላ ብዙም ሳይቆይ የተከፈተው የተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት ሙያውን በእንግሊዝኛ መጻሕፍት ሲያስተምር እንኳ ጋራዡ በጣልያንኛው ቀጠለ። ከእነዚህ ቃላት ሁሉ ኮሎ ይበልጥብኛል። ጣልያኖቹ የፒስተኑን መውጣትና መውረድ ወደ መሽከርከር የሚለውጠውን ጠምዛዛ ብረት «ኮሎ ዶካ» ይሉታል፤ የዝይ አንገት ማለት ነው። የእኛ መካኒክ ዝይዋን ትቶ አንገቷን ብቻ አስቀረ።

የቤንዚን ሞተር ሥራው ሁሉ በአንድ ጥያቄ ላይ የቆመ ነው፤ ኮሎው አሁን የት ነው? ብልጭታው ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ ጥቂት ቀደም ብሎ ካልመጣ ቤንዚኑ በከንቱ ይቃጠላል፣ ወይም ጨርሶ አይቃጠልም። ሰማያዊና ነጩ የላዳ ታክሲ ላይ ጥያቄውን የሚመልሰው በዲስትሪቢዩተሩ ክዳን ሥር የተቀመጠው ፑንቲና ነበር። ሁለት ትናንሽ ነጥቦች በዘንግ እየተገፉ ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ፤ ክፍተታቸው 0.4 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። መካኒኩ ክዳኑን ያነሣል፣ የጠቆረውን ነጥብ በብርጭቆ ወረቀት ይጠርጋል፣ ገመዱን ከቦዲው አስጠግቶ ብልጭታውን ያያል፤ ከዚያ የዲስትሪቢዩተሩን ብሎን አላልቶ የሞተሩ ድምፅ እስኪስተካከል ድረስ በጥቂቱ ያዞረዋል። በዚህ ሁሉ የሚሠራው ኮሎው ያለበትን ቦታና ብልጭታው የሚነሣበትን ቅጽበት ማስማማት ነው።

በዛሬዋ ቪትዝ ላይ ይህንኑ ጥያቄ የሚመልሰው አውራ ጣት የሚያህል ሴንሰር ነው። ውስጡ ማግኔትና በቀጭን የመዳብ ሽቦ የተጠመጠመ ጥቅል አለ። ፊት ለፊቱ ከኮሎው ጋር የሚዞር ባለ ጥርስ ቀለበት ያልፋል፤ በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ላይ ቀለበቱ ለ36 ጥርስ ተከፋፍሎ 34ቱ ብቻ ይቀረጹና የሁለቱ ቦታ ክፍት ይተዋል። እያንዳንዱ ጥርስ ሲያልፍ ጥቅሉ ላይ ትንሽ ቮልቴጅ ይነሣል፤ ክፍቱ ቦታ ሲደርስ ምልክቱ ይዘላል፣ ኮምፒዩተሩም ዙሩን ከዚያ ይቆጥራል። ሴንሰሩ ሲታመም መኪናዋ ብዙ ጊዜ የምትጠፋው ሞቃ ነው። ዳገት ላይ ድንገት ጸጥ ትላለች፤ ሞቶሪኖው በደንብ ያዞራል፣ ሞተሩ ግን አይነሣም፤ ግማሽ ሰዓት ቆማ ስትቀዘቅዝ ምንም እንዳልሆነች ትነሣለች። ጠንቃቃ መካኒክ በዚያች ሙቅ ሰዓት ቁልፉን አዙሮ የአርፒኤም ቀስቱን ያያል። ሞተሩ እየዞረ ቀስቱ ከዜሮ ካልተነቃነቀ ኮምፒዩተሩ የኮሎውን ዜና አልሰማም ይሆናል። ቀስቱ ብቻውን ግን ስለማይታመን የመኪናዋን ኮምፒዩተር በሚያነበው ስካነር የሞተሩን ዙር ያያል። ከዚያ ሶኬቱን ነቅሎ ጥቅሉን በኦም ይለካል፤ ቀዝቅዞ ሲለካ ደህና የመሰለው ሲሞቅ መስመሩ ተቆርጦ ሊገኝ ይችላል። ጫፉ ላይ የብረት ብናኝ ተለጥፎ፣ ሽቦው ከጭስ ማውጫው ተጠግቶ ቀልጦ፣ የቀለበቱ ጥርስ ተሸርፎ ከሆነም የሚታወቀው አውጥቶ በማየት ነው።

ስካነሩ ይህን ሁሉ አስቀርቷል የሚል ሰው አይጠፋም። ፒ0335 የሚለው ኮድ በስክሪኑ ላይ ሲወጣ የሚቀረው መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ወርዶ ሴንሰር መግዛት ይመስላል። ኮዱ የሚናገረው ግን ከዚያ መስመር ተገቢው ምልክት አልደረሰኝም የሚለውን ብቻ ነው። ምልክቱ የጠፋው በሴንሰሩ፣ በሽቦው፣ በሶኬቱ ወይስ በጥርሱ እንደሆነ አይለይም። አዲስ ሴንሰር ገጥሞ ችግሩ ያልለቀቀው ባለመኪና የከፈለው ኮዱን እንደ ፍርድ ላነበበ ሰው ነው። ለኔ ከሁሉ ጠንካራው ማስረጃ ሌላ ነው፤ «ሲሞቅ የሚጠፋ፣ ሲቀዘቅዝ የሚነሣ» የሚባለው ሕመም አዲስ አይደለም። ለብልጭታው ኃይል የሚሰጠው የላዳው ኮይልም ውስጡ ሲደክም እንዲሁ ያደርግ ነበር። ያን ጊዜ ኮይሉን በእርጥብ ጨርቅ አቀዝቅዞ ሞተሩን ያስነሣ መካኒክ የሴንሰሩን ጠባይ ለማወቅ እንደ አዲስ መማር አያስፈልገውም።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ የድሮው መንገድ ራሱ «ገጥመህ ሞክር» ነበር የሚለው ነው። እውነት አለበት። ዕቃ በማይገኝበት ዘመን ከሌላ መኪና ነቅሎ መሞከር ብልሃት ነበር፤ ደህና መሆኑ በታወቀ ዕቃ መሞከር ዛሬም ትክክለኛ መንገድ ነው። ደህና መሆኑ ባልታወቀ አሮጌ ሴንሰር መሞከር ግን ሁለተኛ ብልሽት መጨመር ነው። ይህ ልማድ ብዙ ሰው አክስሯል፤ ለሙያው ክብር የሚቆረቆር ሰው ሊደብቀው አይገባም። ሆኖም ስሕተቱ የጆሮውና የጣቱ አይደለም፤ ሳይለኩ መፍረድ ነው፤ ስካነር የያዘውም በዚያው ይሳሳታል።

በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉ ከተሰማ ወዲህ ደግሞ ይህ ሙያ ከኮሎው ጋር ያበቃል ሲባል ይሰማል። ኤሌክትሪክ መኪና ኮሎ የለውም፤ ጥያቄው ግን አለው። በብዙዎቹ ሞተር ውስጥ ማግኔት ያዘለው ዘንግ በዚያች ቅጽበት ወዴት እንደዞረ የሚናገር ሪዞልቨር የሚባል ሴንሰር ተቀምጧል፤ ሥራው ከኮሎ ሴንሰሩ ጋር ዘመድ ነው፣ እሱም የሚሠራው በጥምጥም ሽቦ ነው። ልዩነቱ በአጠገቡ ባለው ኃይል ላይ ነው። ላዳው ላይ ገመድ በእጅ ይዞ ብልጭታ ማየት ቢያንቀጠቅጥ እንጂ ብዙውን ጊዜ አይገድልም ነበር። የኤሌክትሪክ መኪናው ባትሪ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ነው፤ የባትሪው መስመር ሳይቆረጥና መቆረጡ በሜትር ሳይረጋገጥ ጣት ወደዚያ አይገባም።