ያልተሰሙት የበረዶ አገር ምሥክሮች

ኦገስት 16 ቀን 2016 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ቀናትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) «ክሪስታል ሴሬኒቲ» የተባለች ቅንጡ የመዝናኛ መርከብ ከአላስካ፣ ከሱዋርድ ወደብ መልሕቋን አንስታ ጉዞ ጀመረች። በላይዋ አንድ ሺህ ያህል መንገደኞችና ስድስት መቶ ያህል ሠራተኞች ነበሩ። 250 ሜትር የምትረዝመው ይህች ተንሳፋፊ ሆቴል የመዋኛ ገንዳ፣ የቁማር ቤት፣ ቤተ መጻሕፍትና ምግብ ቤቶች ነበሯት። የጉዞው መነሻ ዋጋ ለአንድ ሰው ከ20,000 የአሜሪካ ዶላር በላይ ነበር። መርከቧ በካናዳ ሰሜናዊ ደሴቶች መካከል አልፋ፣ ለክፉ ቀን በተዘጋጀች ሌላ መርከብ እየታጀበች፣ ከአንድ ወር በኋላ ኒውዮርክ ገባች።

የሀብታሞች ሽርሽር ምን ታሪክ አለው ይባል ይሆናል። ሆኖም የተጓዘችበት መንገድ ተራ መንገድ አይደለም። ስሙ «የሰሜን ምዕራብ መተላለፊያ» ነው። አውሮፓውያን ከአትላንቲክ ወደ እስያ የሚያደርስ አቋራጭ ይሆነናል ብለው ከሦስት መቶ ዓመታት በላይ ፈልገውታል፤ ብዙዎችም ሕይወታቸውን ገብረውበታል። ጎብኚዎችን ጭና ከዳር እስከ ዳር በማለፍ የመጀመሪያዋ መርከብ «ሊንድብላድ ኤክስፕሎረር» ስትሆን፣ በ1984 ከኒውፋውንድላንድ ተነስታ 98 መንገደኞችን ጃፓን፣ ዮኮሐማ አድርሳለች። ከዚያ ወዲህ የምድር ሙቀት እየጨመረ፣ የበጋው በረዶ እየሳሳ በመሄዱ ግዙፎቹም መርከቦች ደፍረው መግባት ጀመሩ።

የክሪስታል ሴሬኒቲ መንገደኞች በመንገዳቸው ላይ በሰሜን ነዋሪዎች መንደሮች ወርደዋል። ከእነዚህ አንዷ ኡሉካክቶክ 400 ያህል ሕዝብ ብቻ ያላት ናት፤ እንግዳው ከባለቤቱ በለጠ ማለት ነው። የመንደሮቹ ባለቤቶች እኛ በትምህርት ቤት «ኤስኪሞ» እየተባሉ የተማርናቸው ሰዎች ናቸው። ይህ ስም ግን ሌሎች ያወጡላቸው ነው። እነርሱ ራሳቸውን «ኢኑዊት» ይላሉ። ትርጉሙም «ሰዎች» ማለት ነው።

ጎብኚው እዚያ ወርዶ የእጅ ሥራ ይገዛል፣ ፎቶግራፍ ያነሳል፣ ወደ ሞቀው ክፍሉ ይመለሳል። የዚህን ጉዞ ታሪክ ስከታተል እኔን ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነገር ነው። እነዚህ ሰዎች ስለ ገዛ ባሕራቸው ሲናገሩ ማን ሰማቸው? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆን ታሪክ የሚጀምረው ከሌላ ቅንጡ ጉዞ ነው።

ሜይ 19 ቀን 1845 ሰር ጆን ፍራንክሊን የተባለው የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መኮንን «ኤሬቡስ» እና «ቴረር» የተባሉ ሁለት መርከቦችን እየመራ ይህን መተላለፊያ ፍለጋ ተነሳ። ዕድሜው 59 ነበር። መርከቦቹ ለዘመኑ የመጨረሻ የተባለው ምቾት ነበራቸው። የእንፋሎት ሞተርና ማሞቂያ ተገጥሞላቸዋል። በእያንዳንዳቸው ከአንድ ሺህ በላይ መጻሕፍት ነበሩ። መኮንኖቹ የሚመገቡት በብር ማንኪያና ሹካ ነበር። ለሦስት ዓመት የሚበቃ ስንቅም ተጭኗል። ያልተጫነ ነገር ቢኖር በዚያ በረዶ ውስጥ እንዴት እንደሚኖር የሚያውቅ የአገሬው ሰው ብቻ ነው። ከግሪንላንድ ከተመለሱት አምስት ሰዎች በስተቀር 129 ሰዎች ወደ በረዶው ገቡ። በዚያው ዓመት ጁላይ መጨረሻ ላይ ዓሣ ነባሪ አዳኞች ካዩዋቸው በኋላ ከአውሮፓውያን ወገን ያያቸው የለም።

ዓመታት አለፉ። የፍራንክሊን ባለቤት ሌዲ ጄን እንግሊዝን እረፍት ነሳች። ፈላጊ መርከቦች በየአቅጣጫው ተላኩ፤ መንግሥትም ከፍተኛ ሽልማት አወጀ። ወሬውን ያገኘው ግን መርከብ የሌለው ሰው ነው። ጆን ሬይ ይባላል፤ የሐድሰን ቤይ ኩባንያ ሐኪምና ተጓዥ ነበር። ሬይ ከዘመኑ መኮንኖች የሚለየው የኢኑዊትን ኑሮ ለመማር ባለማፈሩ ነው። እንደ እነርሱ ቆዳ ይለብሳል፣ በበረዶ ጎጆ ያድራል፣ አድኖ ይበላል። በ1854 ከራሱ ላይ የወርቅ ጥልፍ ያለበት የቆብ ጌጥ ያሰረ ኢኑዊት አገኘ። ከየት አመጣኸው ብሎ በአስተርጓሚ ጠየቀው።

ኢኑዊቶቹ የነገሩት ይህ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት 40 ያህል ነጮች ጀልባ እየጎተቱ በኪንግ ዊልያም ደሴት ላይ ወደ ደቡብ ሲሄዱ ታይተዋል፤ ከስተዋል። መርከባቸውን በረዶ እንደሰበረባቸውም በምልክት ገልጸዋል። በኋላ በአንድ ታላቅ ወንዝ መግቢያ አካባቢ ሬሳቸው ተገኘ። የአንዳንዶቹ አስከሬን ሁኔታና በድስቶቻቸው ውስጥ የነበረው ነገር ደግሞ የመጨረሻዎቹ በሕይወት የቆዩት የጓደኞቻቸውን ሥጋ እንደበሉ ያሳይ ነበር። ሬይ ይህን በወረቀት ላይ አሰፈረ። የፍራንክሊን ሰዎች የነበሩትን የብር ማንኪያዎችና ሹካዎች፣ የፍራንክሊንንም የክብር ኒሻን ከኢኑዊቶቹ ገዝቶ ለንደን ገባ።

ለንደን ግን ዕቃውን ተቀብላ ቃሉን ጣለች። የእንግሊዝ መኮንን የሰው ሥጋ አይበላም፤ ይህን ያሉትም «አረመኔዎች» ናቸው ተባለ። ሌዲ ጄን ዘመቻ ከፈተች። ታላቁ ደራሲ ቻርልስ ዲከንስም በሚያዘጋጀው መጽሔት ላይ የኢኑዊት ቃል የማይታመን መሆኑን፣ ምናልባትም ሰዎቹን የገደሏቸው እነርሱ ራሳቸው ሊሆኑ እንደሚችሉ ጻፈ። የድሆችን ግፍ ለዓለም ያሳወቀ ብዕር ፍርድ ቤት ቀርበው ለማያውቁ ሰዎች ፍርድ ሰጠ። ሬይ ለዚያው መጽሔት መልስ ሰጥቷል። የሽልማቱን ገንዘብም ከሰዎቹ ጋር ተቀብሏል። ክብሩን ግን አላገኘም፤ ሌሎቹ ተጓዦች «ሰር» ሲባሉ እርሱ እንደ ወጣ ቀረ።

በ1859 ሌዲ ጄን የላከችው የማክሊንቶክ ጓድ በኪንግ ዊልያም ደሴት ላይ በድንጋይ ክምር ውስጥ የተቀመጠ ወረቀት አገኘ። በአንዱ ወረቀት ላይ ሁለት መልእክት ተጽፎበታል። የፊተኛው በሜይ 1847 የተጻፈ ሲሆን ሁሉ ደኅና መሆኑን ይናገራል። የኋለኛው፣ በኤፕሪል 1848 በወረቀቱ ኅዳግ ላይ ዙሪያውን የተጻፈው፣ ፍራንክሊን ጁን 11 ቀን 1847 መሞቱን፣ መርከቦቹ በበረዶ ተይዘው መተዋቸውን፣ የተረፉት 105 ሰዎች በእግር ወደ ደቡብ መነሳታቸውን ይገልጻል። ዓለም ይህን ወረቀት እንደ ቅዱስ ሰነድ ያዘው። የሚገርመው ግን በመጀመሪያው መልእክት ውስጥ መርከበኞቹ የመጀመሪያውን ክረምት ያሳለፉበት ዓመት ተሳስቶ መጻፉ ነው። የወረቀቱ ስሕተት እንደ ትንሽ ግድፈት ታለፈ። የኢኑዊት አፍ ግን ከመነሻው ውሸታም ተባለ።

ከዚህ በኋላም ኢኑዊቶች መናገራቸውን አላቆሙም። አሜሪካዊው ቻርልስ ፍራንሲስ ሆል በ1860ዎቹ በመካከላቸው ኖሮ፣ ቱኩሊቶና ኢቢየርቢንግ የተባሉት ኢኑዊት ባልና ሚስት እያስተረጎሙለት ብዙ ቃል መዘገበ። በ1879 ደግሞ ፑቱራክ የተባለ ሽማግሌ ሽዋትካ ለተባለው አሜሪካዊ ስለ አንድ ባዶ መርከብ ተረከ። መርከቡ ከኪንግ ዊልያም ደሴት በስተደቡብ በበረዶ ተይዞ እንደነበር፣ ሰዎቹ ጎኑን ፈልፍለው እንደገቡ፣ ውስጡም የአንድ ነጭ ሬሳ እንዳገኙ፣ በኋላ በረዶው ሲቀልጥ መርከቡ ሰጥሞ የምሰሶው ጫፍ ብቻ ከውሃ በላይ ይታይ እንደነበር ነገረው። ቦታውን ኡትጁሊክ ይሉታል። ይህ ሁሉ ተጽፎ በመደርደሪያ ላይ ከመቶ ዓመት በላይ ተቀመጠ።

የሰማ ሰው ቢኖር ኖርዌጂያዊው ሮአልድ አሙንድሰን ነው። «ዮአ» በምትባል ትንሽ መርከብ፣ ከስድስት ጓደኞቹ ጋር፣ ከ1903 እስከ 1906 መተላለፊያውን ለመጀመሪያ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር በባሕር አለፈ። በኪንግ ዊልያም ደሴት ሁለት ክረምት ተቀምጦ ከኔትሲሊክ ኢኑዊቶች የቆዳ አለባበስን፣ የበረዶ ጎጆ አሠራርንና በውሻ የሚጎተት ተንሸራታች አያያዝን ተማረ። ትምህርቱ በ1911 ወደ ደቡብ ዋልታ ሲሄድም ጠቅሞታል። የኛ ሰው «ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» ይላል። አሙንድሰን ተረቱን ባያውቀውም ምሥጢሩ ገብቶታል። ያ የከረመበት ወደብ ዛሬ ዮአ ሄቨን የሚባል የኢኑዊት መንደር ነው።

ያለመሰማት ጣጣ ግን በፍራንክሊን አላበቃም። በ1953 የካናዳ መንግሥት በሰሜን ኩቤክ ከምትገኘው ኢኑክጁዋክ ቤተሰቦችን አንስቶ በመርከብ 2,000 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን አጋዘ። የተሻለ አደን ታገኛላችሁ፣ ካልተስማማችሁ ከሁለት ዓመት በኋላ ትመለሳላችሁ ተብለው ነበር። ዘመዳሞች ሳያውቁ በመርከቡ ላይ ተከፋፍለው ገሚሱ ሬዞሉት፣ ገሚሱ ግሪስ ፊዮርድ በሚባል ባዶ ዳርቻ ላይ ተራገፉ። በክረምት ፀሐይ ለወራት በማትወጣበት አገር በድንኳን ተጀመረ ኑሮ። ግሪስ ፊዮርድን በቋንቋቸው አውዩትቱክ፣ «የማይቀልጠው ስፍራ» አሏት። እንመለስ ሲሉ የሚሰማ አልነበረም። በ1990 ለመንግሥት የተዘጋጀ አንድ ጥናት መዛግብት አገላብጦ ጥፋት የለም አለ። ጉዳዩ የተለወጠው በ1993 የአቦርጂናል ሕዝቦች ንጉሣዊ ኮሚሽን ተጋዦቹን ራሳቸውን አስቀምጦ ካዳመጠ በኋላ ነው። በ1994 ኮሚሽኑ ይቅርታና ካሣ ይገባቸዋል አለ። ይቅርታው የተጠየቀው ኦገስት 18 ቀን 2010 ነው። በልጅነቱ ከተጋዙት አንዱ ጆን አማጎአሊክ፣ ኢኑዊቶች በ1999 ኑናቩት የተባለ የራሳቸው ግዛት እንዲኖራቸው ከታገሉት ግንባር ቀደም ሆኖ «የኑናቩት አባት» ተብሏል።

እዚህ ላይ ወደ መርከቦቹ ልመለስ። በዮአ ሄቨን ሉዊ ካሙካክ የተባለ ኢኑዊት ታሪክ አዋቂ የሽማግሌዎችን ቃል ዕድሜውን ሙሉ ሲሰበስብ ኖሯል። ፈላጊዎችም ውለው አድረው እንዲህ ያለውን ቃል መያዝ ጀመሩ። ሴፕቴምበር 2014 ላይ ኤሬቡስ ኢኑዊቶች ኡትጁሊክ ባሉት አካባቢ፣ በ11 ሜትር ጥልቀት ላይ ተገኘች። በዚያው ዓመት ለጆን ሬይ በለንደኑ ዌስትሚንስተር ቤተ ክርስቲያን የመታሰቢያ ድንጋይ ቆመለት። ቀጥሎ ደግሞ ሳሚ ኮግቪክ የተባለ የዮአ ሄቨን ሰው ከዓመታት በፊት ዓሣ ሊያጠምድ ሲሄድ ከባሕሩ በረዶ ውስጥ ብቅ ያለ የመርከብ ምሰሶ ማየቱን ለአንድ የፍለጋ መርከብ ሠራተኞች ነገራቸው። ሰሙት። አቅጣጫ ቀይረው ወደዚያው ሄዱ። ቴረር፣ ከ168 ዓመት በኋላ፣ ሴፕቴምበር 3 ቀን 2016 ተገኘች።

ቀኑን ልብ ይሏል። ያቺ አንድ ሺህ ጎብኚ የጫነች ክሪስታል ሴሬኒቲ ያን ጊዜ ገና በጉዞ ላይ ነበረች። አንዱ መርከብ ያለፈውን ዘመን ለማየት ብዙ ሺህ ዶላር ተከፍሎበት ሲያልፍ፣ ሌላው አንድን አዳኝ በማዳመጥ ብቻ ያለፈውን ዘመን ከባሕር ወለል ላይ አገኘው።

ያ ለንደንን ያስቆጣው ክፉ ወሬስ? በ1997 የታተመ ጥናት በደሴቱ ላይ ከተገኙት 400 ያህል የመርከበኞች አጥንቶች በ92ቱ ላይ የቢላ ምልክት መኖሩን አረጋገጠ። በ2024 ደግሞ ከእነዚህ አጥንቶች አንዱ የኤሬቡስ አዛዥ የጄምስ ፊዝጄምስ መሆኑ በዘር ምርመራ ታወቀ። በመንጋጋው ላይ የቢላው ምልክት አለ። እኔ በዚህ በሟቾቹ አልፈርድም፤ ረኃብ የሚያደርገውን የሚያውቅ ይፈርዳል። የምፈርደው ያዩትን የተናገሩትን ሰዎች ውሸታም ባለው ኩራት ላይ ነው።

ታሪክ የተጻፈ ብቻ ነው፣ ከአፍ የሚወጣው ተረት ነው የሚለው ክርክር ለኛም አገር አንባቢ እንግዳ አይደለም። ማንኛውም የቃል ወሬ እውነት ነው አልልም፤ ወረቀትም እንደሚሳሳት ግን አየን። ሁለቱም ይመርመሩ፤ አንዱ ሳይመረመር አይጣል። በየበጋው ወደ ሰሜን በረዶ የሚጎርፉት ጎብኚዎችም በአውዩትቱክ ዳርቻ ሲወርዱ ከበረዶው ፎቶግራፍ ሌላ የሚወስዱት አንድ ነገር አለ፤ ቁጭ ብሎ ማዳመጥ። እውነትና ንጋት እያደር መጥራቱ አይቀርም፤ በዚያ አገር ግን ሌሊቱ ረዥም ስለሆነ መቶ ስድሳ ዓመት ወሰደ።